«ስካን አድርጋችሁ ላኩ» ማለት ቀላል ነው፤ በምን?

ሰሞኑን የትኛውንም የሥራ ማስታወቂያ ብትከፍቱ መጨረሻው ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። «የትምህርት ማስረጃችሁን፣ የሥራ ልምዳችሁንና መታወቂያችሁን ስካን አድርጋችሁ ላኩ።» የስኮላርሺፕ ማስታወቂያውም ይሄንኑ ይላል። ብድሩም፣ ፈቃድ ማውጣቱም ቀስ በቀስ ወደዚያው እየሄደ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለጻፈው ሰው በእርግጥም ቀላል ነው፤ ማሽኑ ከጠረጴዛው አጠገብ አለ።

አሁን ይሄንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘን ዳንግላ እንሂድ። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአዲስ አበባው ዋና አስፋልት ላይ ያለች የአዊ ዞን ከተማ ናት። ከተማ ውስጥ ያለ ወጣት ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። መብራት ካለ፣ ማሽኑ ካልተበላሸ፣ ወረፋው ካልረዘመ ይሳካለታል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ግን መጀመሪያ የጋሪ ወይም የባጃጅ ሒሳብ መክፈል አለበት። ደርሶ «መብራት የለም» ከተባለ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ማመልከቻው ዛሬ ማታ የሚዘጋ ከሆነስ? በቃ፣ አለቀ። የቀረው ነጥብ አንሶት አይደለም፤ ወረቀቱን ወደ ምስል የሚቀይርለት ዕቃ ስላጣ ነው።

ስካነር ሲባል ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የዲጂታል አገልግሎት ሁሉ በር እሱ ነው ባይ ነኝ። በሩ ደግሞ ከምናስበው በላይ በእጃችን የሚከፈት ነው። በኪሳችሁ ባለው ስልክ፣ በአንድ ሳጥንና በአንድ ቁራጭ መስታወት፣ ማህተሙን በቀለሙ የሚያነሳ የጠረጴዛ ስካነር ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ። ግን ብንሠራውም የሚቀረው ጥያቄ አለ፦ የእኛን ሥራ የሚቀበለው ማን ነው?

ፊቱ ዲጂታል፣ ጀርባው ወረቀት

መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚለውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተከተለና ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። በ2016 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የተወሰኑት ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር ተፈተኑ። በ2017 ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። በአምስት ዓመት ይሄን ያህል መራመድ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መመስገንም አለበት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የአገልግሎቱ ፊት ዲጂታል ሆነ፣ ጀርባው ግን ወረቀት እንደሆነ ቀረ። የልደት ካርዱ ወረቀት ነው። የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔው፣ የአባት የመሬት ደብተር ሁሉም ወረቀት ናቸው። ወረቀቱን ወደ ፋይል የመቀየሩ ሥራ የማን ነው? ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም፤ በዝምታ ባለጉዳዩ ላይ ወደቀ። ድሮ መዝገብ ቤት የሚሠራውን ሥራ ዛሬ የ20 ዓመት ሥራ ፈላጊ በራሱ ገንዘብ ይሠራል።

በዚያ ላይ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ስካነር፣ ፕሪንተር፣ ቀለም ሁሉ አብሮ ተወዷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለአንድ ገጽ የሚያስከፍላችሁ ብር ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ። ባለቤቱ ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም ማሽኑ ቢሰበር መለዋወጫ የት እንደሚያገኝ አያውቅም።

ቀለም ቅንጦት አይደለም

«ጥቁርና ነጭ ቢሆንስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። በእኛ አገር ግን ሰነድን ሰነድ የሚያደርገው ማህተሙ ነው። ማህተሙ ደግሞ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ነው፤ ፊርማውም አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ። በጥቁርና ነጭ ሲነሳ ማህተሙ ከጽሑፉ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ተቀባዩ «ይሄ ኮፒ ነው፣ ኦርጅናሉን አምጣ» ይላል። ዳንግላ ያለ ሰው ኦርጅናሉን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ ማለት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀለሙ የሚያስፈልገው።

ሁለተኛ የማይወራ ጉዳይ አለ፤ ምሥጢር። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ዲግሪያችሁን ስካን ስታስደርጉ ፋይሉ የት ይቀመጣል? አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ። ከእናንተ በፊት የመጣው ሰው መታወቂያ፣ ከእሱ በፊት የመጣችው ልጅ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ተደርድሮ ይታያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ግን አዋጁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል ወይ? ስካነር በቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል መኖሩ ሰነዳችሁ በእጃችሁ እንዲቀር ያደርጋል።

ስካነር ውስጥ ምን አለ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያው የዲጂታል ምስል የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ ነው። ራስል ኪርሽ የተባለ ኢንጂነር ከባልደረቦቹ ጋር ባሠራው ማሽን የሦስት ወር ሕፃን ልጁን ፎቶ አስገባ። ምስሉ በጎን 176፣ በቁመት 176 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ በድምሩ 31 ሺህ የማይሞላ። ዛሬ አንድ ኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ሲነሳ 2,480 በ3,508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ይሄን ቁጥር ያዙት፤ ቆይተን እንፈልገዋለን።

መደበኛው ጠፍጣፋ ስካነር ሥራው ቀላል ነው። ከመስታወቱ ሥር አንድ ቀጭን መስመር የሚያነብ ሴንሰር አለ። ርካሾቹ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት በየተራ ብልጭ ይላል፤ ሴንሰሩ የሦስቱንም ነጸብራቅ ይለካል። ሞተሩ ደግሞ ሴንሰሩን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። ወረቀቱ በመስመር በመስመር ተነቦ ምስል ይሆናል።

ሰዎች ይሄን ዕቃ በርካሽ ለመሥራት የሞከሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ተንደርስካን የተባለ ዕቃ ወጣ። ሐሳቡ የሚገርም ነው፦ ከአፕል ፕሪንተር ላይ የቀለም ሪባኑን አውጥተህ በምትኩ ማንበቢያ ሴንሰር ትከታለህ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲያሽከረክር መጻፉን ትቶ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዳንኤል ሪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ የመማሪያ መጻሕፍት ዋጋ ሲያስመርረው፣ ከተጣሉ ቁሶችና ከሁለት ርካሽ ካሜራዎች የመጽሐፍ ስካነር ሠርቶ አሠራሩን ለሁሉም በነጻ ለቀቀው።

በእኛም አገር ካሜራን እንደ ስካነር መጠቀም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲቀረጹ ነበር። ሥራው ከሚኒሶታው የሂል ቤተ መጻሕፍት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከቀረጻው በኋላ የመጻሕፍቱን ካታሎግ በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜ ልካቸውን ለፍተዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች የተነሱት ጠፍጣፋ ስካነር ላይ ተገልብጠው አይደለም፤ ከላይ በተሰቀለ ካሜራ ነው። ብራናን መስታወት ላይ ደፍቶ መጫን መግደል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2005 በስቲቭ ዴላማርተር የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ቀረጻ ፕሮጀክትም ዲጂታል ካሜራን ነው የተጠቀመው። እንግዲህ የአገሪቱን ትልቁን የጽሑፍ ሀብት ያተረፈው ዘዴ ካሜራ፣ ማቆሚያና ጥሩ ብርሃን ነው። እኛ የምናወራውም የእሱን ታናሽ ወንድም ነው።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሁሉንም ከዜሮ መሥራት ነው፦ የመስመር ሴንሰር፣ ስቴፐር ሞተር፣ መቆጣጠሪያ ቦርድ። ለቴክኒክና ሙያ ወይም ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ግሩም የመመረቂያ ሥራ ነው። ለኪስ ግን አይሆንም። ክፍሎቹ ከውጭ ይመጣሉ፤ ሴንሰሩና ሞተሩ በትክክል ካልተናበቡ ምስሉ ይሸበሸባል።

ሁለተኛው መንገድ የሞቱትን ማስነሳት ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ጓዳ ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብለው የተጣሉ ሦስት በአንድ ፕሪንተሮች ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በማተሚያ በኩል ነው፤ ቀለሙ ደርቆ ወይም ወረቀት ጎታቹ ተበልቶ። የስካነሩ ክፍል ሕያው ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ላይ ሴን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አምራቹ የረሳቸውን ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ያንቀሳቅሳል። አንዳንድ ሞዴል ግን ቀለም ካለቀበት ስካን አላደርግም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ካኖን በዚሁ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ተከስሶ ነበር። ቢሆንም ከመጣሉ በፊት መሞከር ነጻ ነው። ሦስትና አራት የሞቱ ማሽኖችን አጋጥሞ አንድ የሚሠራ ማውጣት ለአንድ ጎበዝ ጠጋኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለሁላችንም የሚሆነው ነው፤ ሳጥንና ስልክ።

ሳጥኑን እንሥራ

ከአናጺ የተረፈ ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን ውሰዱ። ወለሉ ኤ4 ወረቀት ከነትርፉ የሚያስተኛ፣ ማለትም 40 በ35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር። ክዳኑ መሐል የስልኩ ካሜራ የምታይበት ቀዳዳ ትከፈታለች፤ ስልኩ ካሜራው ወደ ታች ሆኖ ክዳኑ ላይ ይተኛል። በፊት ለፊት ወረቀት ማስገቢያ በር ይተውለት።

ለምን 30 ሴንቲ ሜትር? የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ከዚያ ርቀት ሲያይ በረጅሙ ጎን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። 12 ሜጋ ፒክስል ፎቶ በረጅሙ ጎኑ 4,000 ነጥብ አለው። 4,000ን ለ40 ስታካፍሉ በሴንቲ ሜትር 100 ነጥብ፣ በኢንች ደግሞ 254 ይመጣል። ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረጋችሁት ሽፋኑ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይጠብና በኢንች 300 ይደርሳል፤ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኤ4ም በጠባቡ ይገባል። ቅድም ያልነው የ8.7 ሚሊዮን ነጥብ ጉዳይ ይሄ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ካሜራ በቁጥር ከጠፍጣፋው ስካነር አያንስም። ለተለመደ ሰነድ ደግሞ ከ200 እስከ 300 ይበቃል።

ታዲያ ስልክ ብቻውን ለምን አይበቃም? ችግሩ እጅ መንቀጥቀጡ፣ ብርሃኑ አንድ ጎን መሆኑ፣ የራስ ጥላ ወረቀቱ ላይ መውደቁና ወረቀቱ መታጠፉ ነው። ሳጥኑ የሚፈታው እነዚህን ነው።

ብርሃን፦ ሁለት ቁራጭ የኤልኢዲ ስትሪፕ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ብርሃኑ በሰያፍ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ወረቀቱ ላይ እንዲወድቅ። ከላይ በቀጥታ ካበራችሁት መስታወቱ ያብለጨልጫል። በዩኤስቢ የሚሠራውን ስትሪፕ ብትመርጡ ከፓወር ባንክ ይሠራል፤ መብራት ሄደ አልሄደ አያስጨንቃችሁም። ሌላም ጥቅም አለው። የግድግዳ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች የሚጥለው እሱ ነው። ፓወር ባንክ ላይ የተሰካ ተራ ስትሪፕ ይሄ ጣጣ የለበትም። የግድ የግድግዳ መብራት ከሆነ የካሜራውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት።

መስታወት፦ ከመስታወት ቤት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ ቁራጭ አስቆርጡ። የታጠፈ ወረቀት ላይ ስታስቀምጡት ያቃናዋል። ያረጀ ደብተር ወይም ብራና ላይ ግን አትጫኑት። የክዳኑን የውስጥ ገጽታ ጥቁር ወረቀት አልብሱት፤ አለበለዚያ የስልኩ ምስል መስታወቱ ላይ ይታያል። የጎን ግድግዳዎቹ ግን ነጭ ይሁኑ፤ ብርሃኑን ያከፋፍላሉ።

ቀለም፦ ርካሽ አምፖል ሐምራዊውን ማህተም ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ስትሪፕ ስትገዙ ቢጫም ሰማያዊም ያላየለበትን ነጭ ምረጡ። ከሰነዱ ጎን ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስቀምጡና የካሜራውን የነጭ ማስተካከያ በእሱ ላይ አስሩት። ውበት ማሳመሪያውን፣ ፊልተሩን፣ ራሱ የሚያስተካክለውን ሁሉ አጥፉ። እኛ የምንፈልገው ያማረ ፎቶ ሳይሆን ያልተነካ ፎቶ ነው።

ሥራው መሳካቱን የምታውቁት በሁለት ፈተና ነው። አንደኛ፣ ባዶ ነጭ ወረቀት አንሱ፤ አራቱም ማዕዘን እንደ መሐሉ ነጭ መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ከጠቆረ መብራቱን አዛውሩ። ሁለተኛ፣ የተማሪ ማስመሪያ አንድ ጊዜ በቁም አንድ ጊዜ በአግድም አንሱ፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነጥብ ካልያዘ ስልኩ አጋድሏል ማለት ነው። ሁለቱን ካለፈ በቃ፣ ስካነር አላችሁ።

መሣሪያው የሚዋሽበት ጊዜ

አንድ ነገር ግን አደራ። ስካነር ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ አንድ የግንባታ ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን አደረገ። ፕላኑ ላይ 21.11 ካሬ ሜትር የነበረው ክፍል በኮፒው ላይ 14.13 ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ተመሳሳይ የመሰለውን ቁጥር በሌላ ቁጥር ተክቶት ነበር። ምስሉ ብዥ አላለም፤ ጥርት ያለ ውሸት ነበር። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ።

አሁን ይሄንን የመሬት ደብተር ላይ አስቡት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ደብተሮች የእጅ ጽሑፋቸው ደብዝዟል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይሉ የለ? የአንድ ቁጥር ስህተት ወንድማማች ሊያካስስ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ካሜራው ያወጣውን የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ፎቶ አስቀምጡ፤ ለመላክ የምታሳንሱት ቅጂውን ይሁን። ከላካችሁ በኋላም ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

መተግበሪያም መምረጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 ካምስካነር የተባለው፣ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው መተግበሪያ ውስጥ ካስፐርስኪ ተንኮል አዘል ኮድ አግኝቶ ጉግል ለጊዜው ከመደብሩ አውጥቶት ነበር። መታወቂያችሁን የምታሳዩት ሶፍትዌር ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለባችሁ። ሲሆን ሲሆን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን። ለእኛ ይሄ ተራ ምክር አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የዚያን ጊዜ ፋይሉን ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሰው የራሱን ሰነድ ማየት አልቻለም። ስልኩና ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያስቀመጠው ግን ነበረው።

ከምስል ወደ ጽሑፍ የመቀየሩ ነገርም አለ። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛም ትግርኛም ያነባል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙት ተመራማሪ ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቻቸው ከ330 ሺህ በላይ የአማርኛ የጽሑፍ መስመር ምስሎችን ሰብስበው ለምርምር ለቅቀዋል። አዊኛ ግን ቴሰራክት ዝርዝር ውስጥ የለም። ዳንግላና እንጅባራ ዙሪያ ልጆች በአዊኛ ይማራሉ፤ መጽሐፋቸውን በጽሑፍነቱ የሚያነብ ማሽን ግን አልተሠራም። ለማሠልጠን መጀመሪያ ብዙ ጥሩ የገጽ ምስል ያስፈልጋል። ያንን ምስል የሚያነሳው ያው ሳጥን ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒዩተርና የቋንቋ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ይመስለኛል።

«ይሄማ ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው»

የሚጠበቅ ተቃውሞ ነው፤ ሐሰተኛ ዲግሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የማስረጃ ማጣራት ውስጥ እስከማስገባት አድርሷል። ግን እናስብበት። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራው ሰው ስካነር አጥቶ አያውቅም። ስካነር ያጣው እውነተኛ ሰነድ ያለው ድሃ ነው። የምስል ጥራት የእውነተኛነት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም፤ ሊሆንም አይችልም። እውነተኛነት የሚረጋገጠው ሰነዱን ከሰጠው ተቋም መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው፦ በኪውአር ኮድ፣ በመለያ ቁጥር፣ በፋይዳ። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ማህተሙን በዓይኑ እያየ «ይሄ ይመስላል» የሚል ከሆነ የሚያታልለው ሞልቷል፤ የሚጎዳው ግን ሩቅ ያለው ነው።

ሕጉም ቢሆን አይከለክልም። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም የሚል መርህ ይዟል። የቀረው በየመስኮቱ ያለው ልማድ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥትና ከቀጣሪዎች የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ «ስካን አድርጋችሁ ላኩ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ጻፉ፦ በኢንች ስንት ነጥብ፣ ባለ ቀለም ነው ወይስ አይደለም፣ ፋይሉ እስከ ስንት ሜጋ ባይት። ሁለተኛ፣ መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ በስልክ የተነሳውን ተቀበሉ፤ በምን ተነሳ ሳይሆን ይነበባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ መንግሥት ራሱ የሰጠውን ወረቀት መልሶ ከዜጋው አይጠይቅ፤ ፋይዳ የተባለው ቁጥር ለዚህ ካልዋለ ለምን ይዋል? አራተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትና በየወጣት ማዕከሉ አንድ አንድ ሳጥን ይቀመጥ። በአናጺና በመስታወት ቤት ዋጋ የሚያልቅ ነገር ነው። አጠገቡም «ስትጨርሱ ፋይላችሁን አጥፉ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ።

ለእኛ ለወጣቶቹ ደግሞ። ከ2016 ክረምት ጀምሮ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በሚለው ፕሮግራም ኮዲንግ ተማሩ እየተባልን ነው፤ ጥሩ ነው፣ እንማር። ግን ከኮዱ ጎን እጅም ይልመድ። ዳንግላ ገበያ ውስጥ አናጺ አለ፣ መስታወት ቆራጭ አለ፣ ስልክ ጠጋኝ አለ። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ አንድ ልጅ የሰፈሩን ስካነር ይሠራል፤ ከፈለገም ሥራ ይከፍትበታል።

የዳንግላ ታሪክ ራሱ ይሄን የወረቀት ጉዳይ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን መቀመጫው ዳንግላ ነበር። የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ አነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ዳንግላ ማንበብ የፈለገ ሰው የእሱን መጽሐፍ ይከፍታል፤ ምክንያቱም እሱ መዝግቧል፣ መዝገቡንም አቆይቷል። በዚያው ዘመን በከተማው ሰዎች እጅ የነበረው ደብዳቤ፣ ውል፣ የግብር ደረሰኝ የት እንደደረሰ ግን የየቤቱ ሳጥን ነው የሚያውቀው። አያቶቻችሁ ቤት እንደዚያ ዓይነት ሳጥን ካለ፣ ከሥራ ማመልከቻው በኋላ ቀጣዩ ተረኛ እሱ ይሁን። ምስጥና እርጥበት ማስታወቂያ አውጥተው ቀን አይቆርጡም።